የሳምንቱ ሆድ አደር

ጥቅምት 4

ወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? እኛ ደህና ነን። ይሄ ሰላምታ ነው እንጂ ወሬ አይደለም፤ ወሬውን ከታች ታገኘዋለህ።

አዎ፣ ይሰማል። ሬዲዮውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠን አንቴናውን ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ስናዞረው ድምፅህ ኩልል ብሎ ይገባል። ፕሮግራምህ ባለ ቀን እማዬ ማሳል ከልክላለች። ልጄ እንኳ ብስኩት ስትበላ "ቀስ ብለሽ አኝኪ፣ አጎትሽ እያወራ ነው" ትባላለች። ለሰፈሩ ግን "ያገር ልጅ" የሚባል የሬዲዮ ሰው ነህ፣ በቃ። የማን ወንድም እንደሆንክ ከእኛ ቤት አልወጣም። እንዳትሰጋ።

ስለ መስታወት ሱቃችን ጠይቀሃል። ድሮ የነበርንበት ቦታ ላይ ሕንፃ ተነሥቶበታል። ከእግሩ እስከ አናቱ መስታወት ነው። ባለቤቴ፣ ያው ልክ አይስትም ብለን ሚሊሜትር የምንለው፣ ቆሞ ያየውና "ከዚህ ሁሉ አንዷን የቆረጠ የእኛ ሰው የለም" ይላል፤ መስታወቱ ከነገጣሚዎቹ ከውጭ ነው የመጣው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ሰው ጀሪካን ይዞ ለውሃ ይሰለፋል። ሰልፉ መስታወቱ ላይ ይታያል፤ ተራው እስኪደርስ ሁሉም ፀጉሩን ያስተካክልበታል። ላይ ያሉት ከውስጥ ሆነው ምን እንደሚሉን እንጃ። እኛማ ወደ ታች ወርደናል። አውቶቡስ ተራውን አልፈህ፣ ጎማ ጠጋኞቹ አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይተናል። አቧራ ነው እንጂ ሥራ አለ። እዚህ አገር መስታወት መሰበሩን መቼም አያቆምም።

አንተስ ምን ትበላለህ? ምን ትሠራለህ? ሁልጊዜ ስለ አገር ብቻ ነው የምታወራልን።

እህትህ

ጥቅምት 27

እትዬ፣

ደብዳቤሽን የምትመላለሰው ነጋዴ በእጇ አደረሰችኝ። ስልኩን እስኪከፍቱት ድረስ በእሷ እንላላክ።

ሥራዬን ጠየቅሽኝ። ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ፊት ለሚቀመጡት እውነተኛ ሹካ፣ ኋላ ለሚቀመጡት የፕላስቲክ ማንኪያ በናፕኪን እጠቀልላለሁ። የዓለምን ነገር በዚህ ጨርሼ ተማርኩት ብልሽ አልዋሸሁም። ቤት ስገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ካፖርቶቹ የመንገዱን ጫጫታ ያፍኑልኛል። ፕሮግራሙን የምቀዳው እዚያ ነው። ያገር ልጅ ካፖርት መሀል ቁጭ ብሎ ነው የሚጮኸው፣ ሳቂ!

የሕንፃውንና የውሃ ሰልፉን ነገር ቃል በቃል ተጠቀምኩበት። ፀጉራቸውን ያስተካክሉበታል ያልሽው ሰዉን አንጀቱን በላው። ሌላም ካለ ላኪልኝ።

አዲስ ዝግጅትም ጀምሬያለሁ፣ "የሳምንቱ ሆድ አደር" ይባላል። ለገዢዎቹ ያጎበደደ ሰው በየሳምንቱ እንሸልማለን። ሽልማቱ ባዶ ሳህን ነው፤ በማይኩ አጠገብ በማንኪያ እያንኳኳሁ አስረክባለሁ። እዚህ ያሉት ልጆች ሞተውበታል።

አሁን ዋናው ነገር። ወታደሮቹ እዚያ ከተማችን ተማሪዎቹን ከገደሉ ወዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። የሥራ ማቆሙ ቀን ተቆርጧል፣ በሬዲዮ ትሰሚዋለሽ። ጋሼ ሚሊሜትር ሱቁን ይዝጋ። የከፈተ ሁሉ የደሙ ተባባሪ ነው፣ ወንድም ቢሆን እህት ቢሆን። ጋሼ እንደማያሳፍረኝ አውቃለሁ። ራሱ በእጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ፣ ናፍቆኛል።

ወንድምሽ

ኅዳር 9

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሷል። አጭር ነው የምጽፈው፣ አትቀየመኝ።

ስለ ሥራ ማቆሙ ላልከው፣ ሰው ቆሟል። ሚሊሜትርም ሱቁን ዘግቶ ነበር። ይሄን ልብ በልልኝ፣ ዘግቶ ነበር። ሁለት መስመር ይጻፍልኝ ላልከው ግን አሁን አይመቸውም፤ ትንሽ አሞታል። ሲሻለው እንነጋገራለን።

እማዬ ደህና ናት። ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል፣ እስካሁን አልገዛንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሳምንቱን ሆድ አደር ማን ነው የሚመርጥልህ? በዓይኑ አይቶ የሚነግርህ ሰው ነው ወይስ ሰማሁ ብሎ? ቆም ብለህ መልስልኝ።

እህትህ

ኅዳር 28

እትዬ፣

ምን ሆንሽ? ባትሪ አልገዛንም ትይኛለሽ፣ ዋናው ሰዓት ላይ! ጋሼስ ምኑን ነው ያመመው? መደበቅ ከድሮም አትችይበትም።

ማን ይመርጥልሃል ላልሽው፣ አስተማማኝ ሰዎች ውስጥ አሉን። ያዩትን ነው የሚነግሩን። የባለመስታወቱን ሰማሽው ወይስ ባትሪው ቀድሞ አለቀ? ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ፣ የልጆቹ ደም ሳይደርቅ፣ እሱ መስታወቱን በትከሻው ተሸክሞ ወታደሮቹ በሰፈሩበት መሥሪያ ቤት በር ዘው! የተኮሱበትን መስኮት ሊጠግንላቸው! "ወታደሮቹን ብርድ እንዳይመታቸው ያሰበ አንጀተ ቡቡ" ብዬ ሳህኑን ሳንኳኳ ሰው በሳቅ ፈረሰ። በኋላም ሕዝቡ ሱቁ ድረስ ሄዶ እንዳስተማረው ሰምተናል። እኔ ማንም እንዲጎዳ አልፈልግም። ግን እትዬ፣ ሰው አንገቱ ድረስ ሲሞላበት ምን ያድርግ?

ጋሼ በሙያው ስለቀለድኩ አኩርፎ ከሆነ ንገሪው፤ ያኛው ከአውቶቡስ ተራው በታች ያለው ነው። ጋሼ እላይ መሆኑን አገር ያውቃል፣ ማንም አያምታታውም። ይልቅ ይጻፍልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 16

ወንድሜ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ጋሼ ያለው እላይ ነው ትለኛለህ። ወደ ታች ወርደናል ብዬ ጽፌልህ ነበር እኮ! ሕንፃውን አነበብክ፣ የውሃውን ሰልፍ አነበብክ፣ ለሬዲዮ የሚሆነውን ሁሉ ለቀምክ፤ እኛን ዘለልከን። ከአውቶቡስ ተራው በታች ያለው ባለመስታወት ሚሊሜትር ነው። የእህትህ ባል ነው።

ደግሞስ በሩን ረሳኸው? መሥሪያ ቤቱና ጤና ጣቢያው ግቢያቸው አንድ፣ በራቸውም አንድ መሆኑን ከአንተ ወዲያ ማን ያውቃል? እማዬ አንተን ወልዳ ታቅፋህ የወጣችው በዚያው በር ነው። ወታደሮቹ ተማሪዎቹን ግቢ ውስጥ አሳደው ሲተኩሱ የረገፈው የማዋለጃው ክፍል መስኮት ነበር። ካርቶን ለጠፉበት፣ ዝናቡ አላሽቆ ጣለው። አዋላጇ ቤታችን ድረስ መጥታ "ልጆቹን ብርድ ሊገድልብኝ ነው" ብላ እንባዋን አፈሰሰች። ሚሊሜትር ሱቁን አልከፈተም። በጓሮ ገብቶ ልኩን ቆረጠ፣ በትከሻው ተሸከመና ወጣ። "ኧረ ሰው ያይሃል" አልኩት። "ይየኝ። የዚያን በር ነገር የማያውቅ ሰው የለም" አለኝ። ገጠመው፤ እንደ ልማዱም ሰው ክፍት መስሎት እንዳይገጭ በሳሙና ምልክት አድርጎበት ተመለሰ። ዋጋም አልጠየቃቸውም።

ፕሮግራምህ ሲተላለፍ ሁላችንም ቤት ነበርን። ሳህኑን ስታንኳኳ እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበልህ፣ ታስቃለህ። ሚሊሜትር እጁን እየታጠበ ነበር። "ከአውቶቡስ ተራው በታች ያለው" ስትል ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። እሱ ፎጣውን አጣጥፎ ሰቀለና "እኔን ነው" አለ።

በማግስቱ መጡ። የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሲወለዱ የማውቃቸው። ሊያነጋግራቸው ሱቁ በር ላይ ወጣ። አፍ የለውም፣ ታውቀዋለህ፤ "ማዋለጃው..." ብሎ ሳይጨርስ ድንጋይ አልፎት ሄደና ከኋላው የተደረደረው መስታወት ላይ አረፈ። ዞር አለ። መዞር አልነበረበትም፤ ግን ሰውየው ዕድሜ ልኩን መስታወት ሲሰበር ሳይዞር ቀርቶ አያውቅም። ሁለተኛው ድንጋይ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ስብርባሪው ፊቱን ሞላው። ቀኝ ዓይኑን ሐኪሞቹ አወጡት። ግራው መብራት መብራቱንና መጥፋቱን ይለያል፣ ሰው አይለይም። ሱቁን ከዚያ በኋላ አቃጠሉት።

እሺ፣ ይሄ ሆነ። ያልቆመው ሌላው ነው። ዳቦ ቤቱ ዳቦው እየታየኝ "አልቋል" ይለኛል። ልቅሶ ቤት ስቀመጥ አጠገቤ ያለችው ሴት ተነሥታ ቦታ ትቀይራለች። ልጄን ትምህርት ቤት ሳህን ያንኳኩባታል። የሬዲዮው ሰው ወንድሜ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እንዳልናገር ወታደሩ ይሰማል። አሳረርከኝ!

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያው ድምፅህ፣ በዚያው ፕሮግራምህ ላይ "ተሳስቻለሁ" በል። ከአንተ ሌላ የሚያምኑት ሰው የለም።

እህትህ

ጥር 8

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ሹካውንና ማንኪያውን ደባልቄ አለቃዬ ሲጮህብኝ እንኳ ምን እንደሚል አልገባኝም። ካፖርቶቹ መሀል ገብቼ አለቀስኩ። ጋሼ! እኔን ይድፋኝ! አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ የሸኘኝ ሰው!

ወርደናል ማለትሽን ፈልጌ አገኘሁት። በእውነት አላስተዋልኩትም። ሐኪም እፈልግለታለሁ፣ እዚህ እንዲመጣ አደርጋለሁ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ልኬ...

ስለ ንግግሩ ሬዲዮውን ለሚመራው ኮሚቴ አቅርቤያለሁ። እትዬ፣ ነገሩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ተሳስተናል ካልን የእነሱ ሬዲዮ ሳምንት ሙሉ ይጨፍርብናል፤ ስለተገደሉት ተማሪዎች የተናገርነውን ሁሉ ውሸት ነው ይላሉ። ያ ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ታውቂያለሽ። ድንጋይ ወርውሩ ያልኩበት ቦታ እንደሌለም መልሼ አዳምጬ አረጋግጫለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። አገላለጹን እየፈለግኩ ነው።

ለእማዬ ምን ልበላት? ስለኔ ምን ትላለች?

ወንድምሽ

የካቲት 2

ወንድሜ፣

እማዬ ስለ አንተ ምንም አትልም። ጠይቀኸኝ ነው።

የሐኪሙን ነገር ተወው፤ የወጣ ዓይን የሚተክል ሐኪም የለም። ድንጋይ ወርውሩ አላልክም፣ እውነት ነው። እኔም ብለሃል ብዬ አልከሰስኩህም። ተማሪዎቹ መገደላቸውን ለእኔ አትንገረኝ፤ ሲሮጡ በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ፣ የአንዷን ጫማ አንሥቼ ለእናቷ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ስለነሱ የተናገርከውን አንድም ቃል አትመልስ። ስለ አንድ ሰው የተናገርከውን ብቻ መልስ።

አገላለጽ እየፈለግኩ ነው ብለሃል። እኔ አግኝቼልሃለሁ፣ እንዳለ አንብበው፦

"ባለፈው ስለ አንድ ባለመስታወት ተናግሬ ነበር። ሰውየው መስታወት የገጠመው ለማዋለጃው ክፍል ነው። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ሆድ አደር አይደለም። ቤተሰቡን አታግሉ።"

በቃ፣ ይሄው ነው። እንዳታስረዝመው፣ እንዳታሳምረው። ሚሊሜትር አጠገቤ ተቀምጦ እያደመጠኝ ነው የምጽፈው። "ይቅርታ ይጨምርበት?" ስለው "እሱን እንደፈቀደ፤ የበሩን ነገር ግን እንዳይረሳ" አለኝ። ቂም አልያዘብህም። እኔ ነኝ የያዝኩብህ፤ የእኔ ደግሞ እንደተናገርክ ይለቀኛል። እጠብቃለሁ። ባትሪ ገዝቻለሁ።

እህትህ

መጋቢት 11

እትዬ!

ሰማሽ? ሰማሽኝ ወይ? አደረግኩት!

ከኮሚቴው ጋር ስንከራከር ነው የቆየነው። የጻፍሽውን አሳየኋቸው። ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ ከቀረበ ጋሼን ነጻ ያወጣል እንጂ ለሌላው አይጠቅምም አሉ። ስለዚህ ጋሼን ከነጻም በላይ አደረግነው። ለወታደሮቹ መስኮት አልገጥምም ብሎ እምቢ ያለው ባለመስታወት፤ በእምቢታው ዓይኑን በሰደፍ ያጠፉት ሰው! ስናገር ድምፄ ተቆራረጠ፣ የእውነቴን ነበር። ድምፁን የሚያስተካክለው መሐንዲስ ሲሰማው አለቀሰ። ካስተላለፍነው ሁሉ እንደዚህ የተደመጠ የለም።

እንዳትቆጪ። እውነቱን ካየሽው ወታደሮቹ ባይተኩሱ መስኮቱ አይሰበርም፣ መስኮቱ ባይሰበር ጋሼ አይሄድም። እነሱ ናቸው ያሳወሩት፣ እኔ መንገዱን ብቻ ነው ያሳጠርኩት። ደግሞ ዋናው ነገር ሰፈሩ ነው፤ ከአሁን በኋላ በራችሁን ማን ይዘላል?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በሚቀጥለው ወር ኤምባሲው ፊት ለፊት ሰልፍ አለን። የጋሼን ፎቶ ላኪልኝ፣ ፋሻው ሳይፈታ የተነሣው ካለ በጣም ጥሩ። በትልቁ አሳትመን ከፊት እንይዘዋለን።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 5

ለወንድሜ፣

ሰምተንሃል። እኔ፣ እማዬና ሚሊሜትር። አንተ ስትጨርስ ሚሊሜትር "የበሩን ነገር አላነሣም አይደል?" አለኝ። አላነሣህም።

ሰፈሩ መጣ፣ እንዳልከው። ቤቱ ጢም አለ፣ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። ዳቦ ቤቱ ዳቦ በእቅፉ ይዞ መጣ። ድንጋይ ከወረወሩት አንዱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ይዞ "እነዚህ አረመኔዎች! ምን አደረጉህ!" እያለ አለቀሰ። ሲያስመስል አልነበረም፤ ከምሩ አምኖ ነው። ሚሊሜትር ልጁን በድምፁ ለየው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። እጁን ሳይነጥቀው እስኪበቃው ያልቅስ ብሎ ተወው።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ እነዚያኞቹ መጡ። ወታደሮች ናቸው ያሳወሩት መባሉ ስማቸውን አጥፍቷል። ካሜራ ይዘው ነው የመጡት፣ ጃኬትም ጭምር አምጥተውለታል፣ በቴሌቪዥን ሲታይ እንዲያምርበት። "ማን ዓይንህን እንዳጠፋው ተናገር፣ ልጆቹን በስማቸው ጥራልን" አሉት። እስቲ አስበው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው እውነቱን የፈለጉት እነሱ ብቻ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ሊያስሩበት ነው። ሚሊሜትር "ማን እንደወረወረ አላየሁም" አለ። "እንግዲያው ሬዲዮው እንዳለው እኛ ነን በላ" አሉት። "እሱንም አላልኩም" አለ። የሚናገርላቸው ነገር ቢያጡ ይዘውት ሄዱ። ጫማውን እኔ ነኝ ያሰርኩለት።

ጠዋት ጠዋት ምግብ ይዤ እሄዳለሁ። በር ላይ ሳህኑን ይቀበሉኛል፣ ለእሱ ይስጡት አይስጡት እንጃ። እስር ቤት ውስጥ የማያይ ሰው እንዴት ብሎ እንደሚውል፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይሁን፣ የሚመራው ሰው ይኑር አይኑር የሚነግረኝ አጣሁ። ሰፈሩ እንደገና ቀርቷል። ይሄኛውን እንኳ አልፈርድባቸውም፣ እስረኛ ቤት መምጣት ያስፈራል።

ፎቶ ላኪልኝ ብለሃል። እነሱም ፎቶ ፈልገው ነው የወሰዱት። አልልክልህም።

ትናንት አንድ መኮንን ለብቻዬ ጠርቶ አስቀመጠኝ። "ያ የሬዲዮው ሰውዬ ወንድምሽ ነው የሚል ወሬ ደርሶናል" አለኝ። "ወንድም የለኝም" አልኩት። ዓይኔን ከዓይኑ አላሸሸሁም። አምኖኝ ለቀቀኝ። እንደዚያ አድርጎ የሚያስዋሽ ልብ ከየት አገኘሁ እያልኩ ወደ ቤት መጣሁ። ደርሼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፣ የጠየቀኝን፣ የመለስኩትን። ትቆጣኝ ይሆን ብዬ ፊት ፊቷን አያለሁ። "ታዲያ ምን ዋሸሽ?" አለችኝ።